የሚሰረዘው ነጥብ

መርሳ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሾፌር አንዳርጋቸውን ፈልጎ አያጣውም ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ያረጁ ጎማዎች ከተደረደሩበት ዳስ ሥር፣ ቀኝ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰው እሱ ነው። የዘረጋው ለምቾት እንዳይመስላችሁ፤ አይታጠፍለትም። እንደዚያው ሆኖ የጭነት መኪና ጎማ ይፈታል፣ ካላማዳሪ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ከደሴ ወልድያ የሚመላለስ ሾፌር «ጎሚስታው» ካለ እሱን ማለቱ ነው። በሥራው ክፉ የሚያነሳበት አልነበረም። የሚታማው በሌላ ነገር ነው። በዓመት አንድ ቀን ዳኛ ይሆናል፤ ያቺ አንድ ቀን የቀረውን ዓመት በሙሉ ታስወቅሰዋለች።

ዳኛ ሲባል የፍርድ ቤቱ አይደለም። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌ አልነበረም። የካቲት በመጣ ቁጥር የየጁ አውራጃ ወረዳዎች ወልድያ ይሰበሰቡና በመዝሙር፣ በድራማና በውዝዋዜ ይወዳደራሉ። መዝሙሩን ሰው የሚሰማው ስለማይቀርለት ነው። የሚጋፋው ለወንዶቹ የነጠላ እስክስታ ነበር። አንድ ወንድ ብቻውን መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከበሮና ማሲንቆ ይመታለታል፤ ትከሻና አንገቱን እያንቀጠቀጠ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ሽቅብ ዘሎ በአንድ ጉልበቱ ይወድቅና እዚያው ተንበርክኮ ትከሻውን ይመታል። ሕዝቡን የሚያሳብደው ይኼ መውደቅ ነው። ጉልበት የሚበላውም እሱ ነው።

የአንዳርጋቸውን ጉልበት በ1971 ዓ.ም. በላው። ያን ዓመት መርሳ የምትገኝበትን የሀብሩን ወረዳ ወክሎ ወጣ። ያዩት ሁሉ፣ እስከዚያች ዝላይ ድረስ አቻ አልነበረውም ይላሉ። ዘለለ፣ ወደቀ፣ ጉልበቱ ሁለት ጣውላ የሚጋጠሙበት ላይ አረፈና ቀጭ አለ። ድምፁን ከበሮ መቺው ሳይቀር ሰምቶታል። ዳኞቹ ግን «አልጨረሰም» ብለው የመጨረሻ አደረጉት። አንደኛ የወጣው የወልድያው ጀብሪል ነበር። ጀብሪል ደሴ ወርዶ የክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን አባል ሆነ፤ አንዳርጋቸው በቃሬዛ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ። ወጌሻው የሚችለውን አደረገ፤ የማይችለው ደግሞ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

በዓመቱ አቶ ጽጌ የሚባል ሰው የአውራጃው የኪነት ኃላፊ ሆኖ መጣ። ስድስት ወር ሞስኮ ለኮርስ ሄዶ የተመለሰ፣ ወሬው የማያልቅበት ሰው ነበር። የድሮዎቹን ዳኞች አሰናበተና «ጨፍሮ የማያውቅ ጭፈራ አይዳኝም» ብሎ የቀድሞ ተወዳዳሪዎችን ለቀመ። ከወልድያ ሁለት፣ ከሀብሩ ሁለት፣ አምስተኛው ራሱ ሰብሳቢ ሆኖ። አንዳርጋቸውና ጀብሪል እንደገና የተገናኙት በዚህ ነው። ጀብሪል ያን ጊዜ የደሴው ነገር ሰልችቶት ተመልሶ ወልድያ ልብስ ሰፊ ሆኗል።

በመጀመሪያው ስብሰባ አቶ ጽጌ ሻይ አዞ፣ ሞስኮ በቴሌቪዥን ያየውን አወራ። ወንዶች ናቸው፤ ጫማቸው ሥር ቢላ የመሰለ ብረት አለ፤ በረዶ ላይ በሙዚቃ ይሽከረከራሉ፤ አየር ላይ ዞረው በአንድ እግር ያርፋሉ፤ ዘጠኝ ዳኛ ዳር ተቀምጦ ነጥብ ይሰጣል።

«በረዶ?» አለ ጀብሪል። «እኛ በረዶ የምናውቀው ማሽላ ሲያወድም ነው። በላዩ ላይ ይጨፈራል?»

«ሲወድቁስ?» አለ አንዳርጋቸው።

«ይወድቃሉ እንጂ! ተነስተው ይቀጥላሉ። ነጥብ ይቀነስባቸዋል።»

«ጉልበቱ ቢሰበርስ?»

«ያው ይቀነስበታላ። ዳኛ ሐኪም አይደለም።»

ጀብሪል ሳቀ። «ሰማህ አንዳርጌ? ሞስኮም ያው ነው። ዳኛ የሚጽፈው ዓይኑ ያየውን ነው። ያመመው ቤቱ ይተኛ።»

«ያመመው ሰው ከደኅናው እኩል ከጨፈረ በልጦታል ማለት ነው» አለ አንዳርጋቸው። ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው። «ይኼን ማየት የማይችል ዓይን ምኑን ዓይን ሆነ?»

ይህ ክርክር በዚያ ቀን አላለቀም። አራት ዓመት ሙሉ በተገናኙ ቁጥር ከቆመበት ይቀጥላል፤ አንዱም አንዱን አላሳመነም። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ በረዶው ሰዎች እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ ግን ስለ 1971 በስም አንስተው አያውቁም።

አቶ ጽጌ ለአድልዎ መድኃኒት አለኝ ይል ነበር። አምስቱ ዳኞች ከአስር ነጥብ በየወረቀታቸው ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ ታጥፎ በአቶ ጽጌ ባርኔጣ ይሰበሰባል፤ ጸሐፊዋ ሙሉወርቅ ማን እንደጻፈው ሳትናገር አምስቱንም ታነባለች። ከዚያ ከሁሉ የበለጠውና ከሁሉ ያነሰው በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። ለወገኑ ያጋነነም፣ ባላንጣውን የጎዳም ተሰረዘ ማለት ነው። ጥሩ መድኃኒት ነበር፤ አንዳርጋቸውን ገደለው እንጂ።

ምክንያቱም ሌሎቹ ዳኞች ከስምንት በታች አይጽፉም። ነገ ገበያ ላይ የሚገናኙት ሰው ነው፤ ማን ከሰው ይጣላል? አንዳርጋቸው ግን ያየውን ይጽፋል። ስድስት ከሆነ ስድስት ነው። የመርሳም ልጅ ቢሆን፣ የእህቱም ልጅ ቢሆን። ስለዚህ የእሱ ነጥብ ምንጊዜም ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ምንጊዜም ይሰረዛል። መርሳዎች ይህን አያሰሉም፤ ዝቅተኛዋን ቁጥር ሲሰሙ ብቻ «ያው የኛው ጉድ ነው!» ብለው ያጉረመርማሉ። ያሰላችው ሚስቱ ባይነሽ ነበረች። በአራተኛው ዓመት፣ ተሰድቦ ሲመለስ፣ እግሩን በሞቀ ውኃ እያሸች፦

«አንተ ሰውዬ፣ አራት ዓመት የጻፍከው ሁሉ ተሰርዟል» አለችው። «አንዲት ነጥብህ እንኳ ለአንድ ሰው ጠቅማም ጎድታም አታውቅም። ስድቡ ግን አልተሰረዘልህም። ምን አለፋህ?»

ሳቀ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። ተናዶ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ፍትሐዊ ነኝ እያለ የኖረው ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ነው ለካ።

አምስተኛው ዓመት 1976 ነው። ያን ዓመት ብሔራዊ ውትድርና የሚባል ነገር መጣ፤ የወጣት ስም በየቀበሌው ይመዘገብ ጀመር። አንደኛ የወጣ ጨፋሪ ደሴ ሄዶ ኪነት ቡድኑ ውስጥ ስለሚገባ ከዝርዝሩ ይወጣል። ስለዚህ እስክስታው እስክስታ መሆኑ ቀረ።

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ እንድሪስ እያነከሰ ዳሱ ሥር ገባ። እንድሪስ ሲሪንቃ እርሻ ምርምሩ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ ዘንድሮ የሀብሩ ተወዳዳሪ እሱ ነው። ሱሪውን ወደ ላይ ጠቀለለ። ጉልበቱ አብጦ ያብረቀርቃል።

«ልምምድ ላይ ነው ጋሽ አንዳርጋቸው። አንቱ ያውቁታል ብዬ ነው የመጣሁት።»

አንዳርጋቸው የጎማ ጥቀርሻ ያለበትን እጁን ጠርጎ ዳሰሰው። እንድሪስ ትንፋሹን ዋጠ። አጥንቱ ደኅና ነው፤ አልተሰነጠቀም። ግን አንድ ጊዜ ከወደቀበት ያልቅለታል።

«በዚህ ልትወድቅ ነው ነገ?»

«ካልወደቅኩ ይቀንሱብኛል።»

«ከወደቅክ እንደኔ ትቀራለህ።»

«ልቅራ!» አለ እንድሪስ። «ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ። ሚስቴ ሀፍሳ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ከወደቅኩና ካሸነፍኩ ደሴ እሄዳለሁ። ከወደቅኩና ከተሰበርኩም አንካሳ አይወስዱም። በሁለቱም ከልጄ ጋር ነኝ።»

ይኼን ሒሳብ የሠራው ልጅ ሞኝ አይደለም። ግን አምስት ዓመት የማይታጠፍ እግር ይዞ የተኛው፣ የተቀመጠው፣ ቤተ ክርስቲያን ለመስገድ ያልቻለው እሱ ነው። ሌላ ሰው በገዛ ፈቃዱ እዚህ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም።

«ስማኝ» አለው። «አትውደቅ። ትከሻህ ብቻውን ይበቃል፤ አይቼሃለሁ፣ እንዳንተ ያለ በዚህ አውራጃ የለም። ቆመህ ጨርስ። እኔ ባለመውደቅህ አንዲት ነጥብ አልቀንስብህም። እግዜር ምስክሬ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ከስምንት ወርደው አያውቁም።»

እንድሪስ ጉልበቱን ሸፈነና ትከሻውን ስሞት ሄደ።

በማግስቱ ወልድያ ላይ፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ አቶ ጽጌ ዳኞቹን ሰበሰበ። ሁለቱ አዲሶች ነበሩ፤ ከወልድያ አንድ፣ ከመርሳ አንድ። ሁለቱም ከመጡ ጀምሮ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አቶ ጽጌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትናንት አንድ ዳኛ ከተወዳዳሪ ጋር ሲመካከር ታይቷል የሚል ነገር ደርሶኛል። ስም አልጠራም። ነጥቡ ሲነበብ ራሱ ይጠራዋል።»

በዚያ ዘመን «ታይቷል» የምትል ቃል እንዴት እንደምትከብድ ያልኖረበት አያውቀውም። ማን እንዳየ አይጠየቅም። አንዳርጋቸው ፊቱ ሲግል ተሰማው። በሕይወቱ የቀረው አንድ ነገር «አያዳላም» የምትለዋ ስሙ ነበረች፤ የሚሰድቡትም እንኳ በልባቸው ይቺን አይክዱትም። እሷም ዛሬ ልትሄድ ነው።

እንድሪስ ቀድሞ መድረክ ላይ ወጣ። ጉልበቱ ያመዋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልነበረም። ትከሻው ከሰውነቱ የተለየ እስኪመስል ይመታል፤ አንገቱ ከማሲንቆው ጋር ይሄዳል፤ ሰው ጭብጨባውን ረስቶ ዝም ብሎ ያያል። አንዳርጋቸው የራሱ ትከሻ ሲነቃነቅ ያዘው። አምስት ዓመት እንዲህ ያለ አላየም። ከበሮው ለመውደቂያው ደለቀ። እንድሪስ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ አየ፤ አንዳርጋቸውን ነው ያየው። አልዘለለም። ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በትከሻው ብቻ ጨረሰ። ከኋላ «ውደቅ እንጂ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ፉጨት።

ዘጠኝ ነው። በእውነቱ አስርም ይገባዋል። አንዳርጋቸው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አደረገ። አቶ ጽጌ በጎን እያየው ነው። የመርሳ ዳኛ፣ ላልወደቀ የመርሳ ልጅ፣ ዘጠኝ። ያውም «ታይቷል» በተባለበት ቀን። ደንቡ ላይ ደግሞ ያላሟላ ሁለት ይቀነስበታል ይላል። ሰባት ብጽፍ ምን ይጎዳል? አለ በልቡ። ማንም ከስምንት አይወርድም፤ ሰባት ከሁሉ ያነሰ ይሆናል፤ ይሰረዛል። አራት ዓመት ሲሰረዝ ኖሮ ዛሬ ነው የሚቆጠረው? ልጁ አይጎዳም፤ ስሜም አይጎዳ። በጣም ደክሞት ነበር። ሰባት ጻፈና አጠፈው።

የወልድያው ጌትነት ተከተለ። ጎበዝ ነው፤ ዘለለ፣ ወደቀ፣ ሕዝቡ ጮኸ። አንዳርጋቸው ስምንት ጻፈለት፤ ያየው ስምንት ነበርና።

ሙሉወርቅ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ የእንድሪስን። «ስምንት። አስር። ዘጠኝ። ሰባት።» አንዳርጋቸው ትንፋሹን ለቀቀ፤ የሱ ሰባት ከሁሉ ያነሰች ናት። ሙሉወርቅ የመጨረሻዋን ወረቀት ዘረጋች።

«ስድስት።»

አዲሱ የወልድያ ዳኛ ነበር የጻፈው። አዲሶቹ ሁለቱ ባላንጣን ሊጎዱ፣ ወገንን ሊያነሱ በየበኩላቸው ምለው የመጡ ናቸው፤ ስምንት ላይ የሚቆመውን የድሮ ይሉኝታ አያውቁትም። ቀዩ እስክሪብቶ አስሩንና ስድስቱን ሰረዘ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ቀሩ። ሃያ አራት። የጌትነትም ተነበበ፤ አስር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ስድስት። አስሩና ስድስቱ ተሰረዙ። ሃያ አምስት።

በአምስት ዓመት ውስጥ የአንዳርጋቸው ነጥብ ስትቆጠር ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። ያየውን ሳይጽፍ የቀረባትም ይቺ ብቻ ናት። ያየውን ጽፎ ቢሆን ሃያ ስድስት ነበር። ይህን ለማስላት እርሳስ አላስፈለገውም።

ጀብሪል ከአዳራሹ ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር አገኘው።

«ዘጠኟ የኔ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ አስር ትሰጠዋለህ ብዬ ነበር። ስንት ጻፍክ?»

ጀብሪል የአንዳርጋቸውን ፊት አየና ገባው።

«ሰባቷ?»

«አዎ።»

ጀብሪል ቢሳደብ ይሻል ነበር። አልተሳደበም። አጥሩን ተደገፈ።

«ጉልበቱን እንዳመመው ከመጀመሪያው እርምጃ አይቻለሁ» አለ። «አንተ የወደቅክ ዕለት እኮ ከመድረኩ ኋላ ቆሜ ነበር፤ የጉልበትህን ድምፅ ሰምቻለሁ። አንደኝነቱ ያንተ እንደነበረ አምስት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ። አፌ እምቢ አለኝ እንጂ። ዛሬ ለሱ የሰጠሁት ላንተ ነበር፣ ወላሂ።»

ከዚያ የልብስ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አስተካክሎ ሄደ።

መርሳ ላይ ሕዝቡ ነጥቡን በራሱ ሒሳብ አከፋፈለው። አስሩ የአዲሱ የመርሳ ዳኛ፣ ስምንቱ የሰብሳቢው፣ ስድስቱ የአዲሱ የወልድያ ዳኛ። በዚህ ላይ የተሳሳተ የለም። ዘጠኙ የአንዳርጋቸው፣ ሰባቱ ደግሞ የጀብሪል። ከወልድያ የመጣ ሰው ሌላ ምን ሊጽፍ? አንዳርጋቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከመንገድ ማዶ ተሻግሮ ሰላም አለው። ሻይ ቤት ገብቶ «ለአንዳርጌ ከኔ» የሚል በዛ። ጀብሪል በዚያው ሰሞን ለቅሶ ሊደርስ መርሳ ቢመጣ ውኃ የሚያቀርብለት ጠፋ፤ አንዷ ሴትዮ ከእግሩ ሥር እንትፍ አለች። ጀብሪል እውነቱን ያውቃል። አንዲት ቃል አልተናገረም። ለቅሶውን ደርሶ በመጣበት መኪና ተመለሰ።

አንዳርጋቸው ይኼን ከዳሱ ሥር ሆኖ አየ። ለባይነሽ ነገራት። ለሻይ ቤቱ ሰዎች ሊነግራቸው ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰው ጀብሪልን እየረገመ አቋረጠው። ለእንድሪስ ግን መንገር አለበት። በየቀኑ ነገ ይል ነበር። ነገ፣ ነገ እያለ ዝርዝሩ ወጣ።

ልጆቹ የሚሄዱበት የጭነት መኪና ጠዋት መርሳ አደባባይ ላይ ቆመ። እናቶች ያለቅሳሉ። ሀፍሳ ሆዷን ይዛ ከአንድ ግድግዳ ጥግ ቆማለች፤ አታለቅስም። እንድሪስ ትንሽ ጆንያ አንግቦ ወደ ዳሱ መጣ። አያነክስም።

«ልሰናበትዎት ነው ጋሽ አንዳርጋቸው።»

አንዳርጋቸው በርጩማውን ተደግፎ ተነሳ።

«ሰባቷ የኔ ናት» አለው። «ጀብሪል ዘጠኝ ነው የሰጠህ። ሰባቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ማልኩልህ፣ ከዚያ ፈራሁና ጻፍኳት። ትሰረዛለች ብዬ ነበር። ይቅር በለኝ።»

እንድሪስ አየው። ከዚያ ፊቱ ላይ ርኅራኄ መጣ፤ ልክ ትልቅ ሰው ሲጃጅ እንደሚያዩት።

«ይተዉት» አለ። «ሰው ጀብሪልን እንዳይጎዳው ብለው ነው። አንቱ እንዲህ ነዎት። ለጠላትዎም ይሸከማሉ።»

«እውነቴን ነው እንድሪስ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።» እጁን ያዘለት። «እኔ ለአንቱ ያለብኝን አላህ ይክፈልልኝ። ያን ቀን ባይመክሩኝ እሰብረው ነበር። ይኸው ድኗል። የውትድርናው ሐኪም ሲመረምረኝ ዘለልኩለት፤ 'አንበሳ' ብሎ ፈረመልኝ።»

ከመኪናው ላይ ስሙን ጠሩት። እንድሪስ የአንዳርጋቸውን ትከሻ ሁለት ጊዜ ስሞ ዞረ። መወጣጫ ብረቱን አልያዘም። ሁለቱን ጉልበቶቹን አጥፎ ተስፈንጥሮ መኪናው ላይ ወጣ፤ ሌሎቹ ልጆች አጨበጨቡለት።